«አይጫርም» ማለት «አይሰበርም» ማለት አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ስለ እጅ ሰዓት ማስታወቂያዎች ነው። በጋዜጣም ይወጣሉ፣ የቴሌግራም ቻናሎችንም ሞልተዋቸዋል፣ ሁሉም ከአንድ አፍ የወጡ ይመስላሉ፦ «ሳፋየር መስታወት! የማይጫር! የማይሰበር!» እኔ ሰዓት በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ሳፋየር ነው መባሉ ብዙ ጊዜ ያጠራጥራል። የማይጫር መባሉ በአብዛኛው እውነት ነው። የማይሰበር መባሉ ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ የውሸቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ለወንድሙ ምርቃት ወይም ለራሱ ሠርግ ብሎ ለስንት ጊዜ ያጠራቀመውን ብር ያወጣው ሰው ነው።

ሻጮቹ ሁሉ አጭበርባሪ ናቸው እያልኩ አይደለም። ብዙዎቹ የሚሸጡትን ዕቃ ራሳቸው አያውቁትም፤ ከአስመጪው የሰሙትን ነው የሚደግሙት። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይሻላል።

የእጅ ሰዓት ፊት የሚሸፈነው በሦስት ዓይነት ነገር ነው። አንዱ ፕላስቲክ ነው፣ አክሪሊክ የሚባለው። ሁለተኛው ሚኒራል፣ ሦስተኛው ሳፋየር። ዛሬ ሰውን የሚያወዛግቡት ሁለቱ የኋለኞቹ ስለሆኑ በእነሱ ልጀምር። ወደ ፕላስቲኩ እመለሳለሁ፣ እሱም የሚናቅ አይደለም።

ሚኒራል ብርጭቆ ነው። ከቤታችን የመስኮት መስታወት ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ አሸዋ፣ ሶዳና ኖራ አብረው ቀልጠው የሚሠራ። ለሰዓት የሚሆነው ግን ከዚያ በኋላ እንዲጠነክር ይደረጋል። አንዱ መንገድ አግሎ በድንገት ማቀዝቀዝ ነው። ሌላው ደግሞ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ መንከር ነው። እዚያ ውስጥ ከብርጭቆው ገጽ ላይ ትንንሾቹ የሶዲየም ቅንጣቶች እየወጡ በቦታቸው ተለቅ ያሉ የፖታሲየም ቅንጣቶች ይገባሉ። ቦታው ስለሚጠባቸው ይገፋፋሉ፣ ገጹም ራሱን በራሱ ይጨምቃል። የተጨመቀ ገጽ ደግሞ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ሲኮ ሃርድሌክስ እያለ የሚጠራው መስታወት እንዲህ የጠነከረ ሚኒራል ነው፤ እዚህ አገር በደንብ የምናውቃቸው ብዙዎቹ ሲኮ 5 ሰዓቶች የሚሠሩት በእሱ ነው። ይህ ሁሉ ማጠንከር ግን ለስብራት ነው የሚጠቅመው። ለጭረት ያን ያህል አይፈይድም።

ሳፋየር ሌላ ነገር ነው። ጭራሽ ብርጭቆ አይደለም። አሉሚኒየምና ኦክሲጅን በሥርዓት ተደርድረው የሠሩት ክሪስታል ነው። ጌጣጌጥ ቤት ሰንፔር ተብሎ የሚሸጠው ሰማያዊ ድንጋይም በተፈጥሮው ይኸው ነው፤ በአገራችንም ከ2016 መጨረሻ ወዲህ (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ትግራይ ውስጥ ጭላ አካባቢ እየተቆፈረ ይወጣል። ሰማያዊ የሚያደርገው በውስጡ ያለ ጥቂት ብረትና ታይታኒየም ነው። ክሮሚየም ከገባበት ቀይ ይሆናል፣ ያኔ ሩቢ ይባላል። ምንም ካልተቀላቀለበት ደግሞ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ሰዓት ላይ የሚገጠመው ይህ የጠራው ነው፣ የሚመጣውም ከጉድጓድ ሳይሆን ከፋብሪካ ነው። «ታዲያ ፎርጂድ ነዋ!» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። አይደለም። ሰው ሠራሽ ነው እንጂ ከተፈጥሮው ጋር አንድ ዓይነት ቁስ ነው፣ ጥንካሬውም እኩል ነው። እንዲያውም ለሰዓት ከተቆፈረው ይመረጣል፣ ምክንያቱም ያ ብዙ ጊዜ ቆሻሻና ስንጥቅ አለበት።

አሠራሩን የፈጠረው ኦጉስት ቬርነይ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። በ1902 ይፋ አደረገው። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ከላይ እየተነፋ በሃይድሮጅንና በኦክሲጅን ነበልባል መሃል ያልፋል። ነበልባሉ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ ዱቄቱ እዚያ ይቀልጥና ከታች በምትሽከረከር ዘንግ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድ አንድ ወጥ ክሪስታል ሆኖ ያድጋል። በመጀመሪያ የተሠራበት ሩቢ ነበር። የአባትዎ ሰዓት ፊት ላይ «17 ጁዌልስ» ወይም «21 ጁዌልስ» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ውስጡ የጥርሶቹ ዘንጎች የሚዞሩባቸው ቀያይ ድንጋዮች በብዛት እንዲህ የተሠሩ ሩቢዎች ናቸው። ዛሬ ሌሎች ዘዴዎችም አሉ፤ መርሁ ግን ያው ማቅለጥና ቀስ ብሎ ማሳደግ ነው።

ውድ የሚያደርገው ማቅለጡ ብቻ አይደለም። ክሪስታሉ ካደገ በኋላ መቆረጥ አለበት፤ በምን ይቆረጣል? በአልማዝ። ሲሞረድም ሲወለወልም በአልማዝ ዱቄት ነው። መሃሉ ጎበጥ እንዲል ከተፈለገ ደግሞ ጎባጣውን ቅርጽ ከወፍራም ድንጋይ ላይ እየፈጉ ማውጣት ነው፣ እንደ ብርጭቆ አሙቆ ማጉበጥ የለም። አፕል እንኳ በ2013 ጂቲ አድቫንስድ ቴክኖሎጂስ ከሚባል ኩባንያ ጋር ተዋውሎ አሪዞና ውስጥ ሳፋየር በብዛት ሊያስመርት ሞክሮ ነበር። ኩባንያው በኦክቶበር 2014 የኪሳራ አቤቱታ አስገባ፤ በዚያው ዓመት የወጣው አይፎን 6 ስክሪኑ ብርጭቆ ነበር። ይህን የማነሳው ለምን መሰላችሁ? እንዲህ የሚያለፋ ነገር መንገድ ዳር በጣም ርካሽ ሰዓት ላይ «ሳፋየር» ተብሎ ሲለጠፍ ቆም ብሎ ማሰብ ስለሚገባ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ፍሪድሪክ ሞስ የሚባል ጀርመናዊ የማዕድን አዋቂ በ1812 ማዕድናትን ማን ማንን ይጭራል እያለ ከ1 እስከ 10 በተራ አስቀመጣቸው። አልማዝ 10 ነው። ሳፋየር 9። ኳርትዝ የሚባለው፣ አሸዋ ውስጥና ልብሳችን ላይ በሚያርፈው አቧራ ውስጥ የሞላው፣ 7 ነው። የሰዓት ብርጭቆ 5 ተኩል አካባቢ ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ነገሩ ሁሉ ግልጽ ይሆናል። ሚኒራሉን የሚጭረው አቧራ ነው! አቧራ ያለበትን ሰዓት በሸሚዝ እጅጌ ስትወለውሉት፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ሲነካው፣ ከሞባይልና ከቁልፍ ጋር አሸዋ ያለበት ቦርሳ ውስጥ ሲከርም፣ ያኔ ነው ፊቱ ቀስ በቀስ የሚደበዝዘው። ሳፋየርን ግን አሸዋ አያደርሰውም፣ ከአሸዋው ይበልጣላ። የሚጭሩት ጥቂቶች ናቸው፦ አልማዝ፣ የአንዳንድ የጥፍር ሞረድ ገጽ፣ አንዳንድ ብርጭቆ ወረቀት። (ቡናማው ብርጭቆ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከዚያው ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፣ ማለትም የሳፋየር ወንድም ነው።) በዚህ በኩል ሳፋየር ስሙን ያገኘው በእውነት ነው፣ አልክድም። ራዶ በ1962 ዳያስታር የተባለውን ሰዓት ሲያወጣ አይጫርም ብሎ የተመካው በጠንካራ ብረቱና በሳፋየር መስታወቱ ነው፣ ኩራቱም ተገቢ ነበር።

ግን መጫርን መቋቋም አንድ ነገር ነው፣ ምት መቋቋም ሌላ። ጀበና የከሰሉን እሳት ዕድሜ ልኩን ይችላል፤ ከእጅ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ግን እሳት መቻሉ አያድነውም። ሳፋየር ትንሽ እንኳ አይለጠጥም። ምቱ ጠርዙ ላይ ካረፈ ይሸረፋል፣ መሃሉን በሹል ነገር ካገኘው ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ዱቄት ሆኖ ይከሰከሳል። እኔ ጋ ከሚመጡት የተሰበሩ ሳፋየሮች ውስጥ ብዙዎቹ የተሰበሩት መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ላይ ወድቀው ወይም ከበር ጠርዝ ጋር ተላትመው ነው። ባለቤቶቹ በጣም ይደነግጣሉ፣ «አይሰበርም ብሎኝ ነበር እኮ» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

ምት የመቻል ነገር ከተነሳ፣ ጂ-ሾክን ተመልከቱ። ካሲዮ በ1983 ያወጣው የመጀመሪያው ጂ-ሾክ፣ ከፎቅ ተጥሎ እንዳይሰበር ታስቦ የተሠራው ሰዓት፣ መስታወቱ ሚኒራል ነበር። ዛሬም አብዛኞቹ ጂ-ሾኮች ሚኒራል ናቸው። መስታወቱን ከዙሪያው ጎማ ዝቅ አድርገው ነው የሚገጥሙት፣ ምቱ መጀመሪያ ጎማው ላይ እንዲያርፍ። ሲኮም ለጠላቂዎች በሚሠራቸው ሰዓቶች ላይ፣ 200 ሜትር ጥልቀት በሚችሉት ላይ ሳይቀር፣ ሃርድሌክስን ለብዙ ዓመታት ተጠቅሟል። እነዚህ ኩባንያዎች ሳፋየር አጥተው አይደለም።

ፕላስቲኩም አለ ብያለሁ። በጁላይ 1969 በዝ ኦልድሪን ጨረቃ ላይ ሲራመድ የጠፈር ልብሱ ላይ ያሰረው ኦሜጋ ስፒድማስተር መስታወቱ አክሪሊክ ነበር። በጥፍር እንኳ ምልክት የሚወጣበት የሚመስል ለስላሳ ነገር! ግን አክሪሊክ ቢመታም እንደ ብርጭቆ ወደ ስለታም ስብርባሪ አይበተንም፣ በጠባብ መንኮራኩር ውስጥ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ስብርባሪ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት። ደግሞ ቢጫር ችግር የለውም፤ የጥርስ ሳሙና ለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርጎ በትዕግስት ማሸት ነው፣ ቀላሉ ጭረት ይጠፋል። አያትዎ የተዉልዎ አሮጌ ሰዓት ፕላስቲኩ ጭጋግ ከለበሰ፣ እባክዎ «ሳፋየር አድርጉልኝ» ብለው አይምጡ። የብዙዎቹ ክፈፍ የተሠራው ለሚለጠጥ ፕላስቲክ ነው፣ ሌላ ነገር ቢታገልበት ክፈፉ ይበላሻል። ይወልወል፣ ካልሆነ በዚያው ዓይነት ይቀየር።

ሻጮች የማይናገሩት ሌላም አለ፣ ውፍረት። አንድ መስታወት ሲጫኑት የሚችለው ኃይል ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፣ በውፍረቱ ካሬ ልክ ነው የሚያድገው። የ2 ሚሊሜትር ሳፋየር ከ1 ሚሊሜትሩ አራት እጥፍ ያህል ይችላል። ዋጋ ለመቀነስ ሲባል እንደ ወረቀት የሳሳ ሳፋየር የሚገጠምባቸው ሰዓቶች አሉ፤ ስሙ ሳፋየር ነው፣ ውሸት አልተባለም፣ ግን ደህና ውፍረት ያለው ሚኒራል በምት ጊዜ ይሻለዋል። «ሳፋየር ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። «ስንት ሚሊ ነው?» መባል አለበት።

ከዚያ ደግሞ «ሳፋየር ኮትድ» የሚባለው አለ። ይህ ሚኒራል ላይ በጣም ስስ ሽፋን የተቀባ ነው። ሽፋኑ ሲያረጅ ወይም ሲገለጥ የሚቀረው ያው ብርጭቆ ነው። በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ቃል ዘሎ «ሳፋየር» ብቻ ብሎ መሸጥ ማጭበርበር ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

እንዴት ልለየው ለምትሉኝ። መጀመሪያ የማይረባውን ልንገራችሁ፦ ሻጩ ፊታችሁ ቁልፍ ወይም ሳንቲም አውጥቶ መስታወቱን ፈግፍጎ «አያችሁ፣ ሳፋየር ነው!» ቢል ምንም አላሳየም። ቁልፍም ሳንቲምም ከብርጭቆ ይለሰልሳሉ፣ ስለዚህ ተራውንም ሚኒራል አይጭሩትም። ይህን ትርኢት አይታችሁ ብር እንዳትቆጥሩ። የሚሻለው የውሃ ጠብታ ነው። መስታወቱን በደንብ ወልውላችሁ አንድ ትንሽ ጠብታ አሳርፉበት፤ ሳፋየር ላይ ጠብታው ድብልብል ብሎ የመቀመጥ ዝንባሌ አለው፣ ብርጭቆ ላይ ይዘረጋል። የጣት ቅባት ወይም ሽፋን ካለው ግን ይህም ያሳስታል። ሌላው ቅዝቃዜ ነው። ሳፋየር ሙቀትን ከብርጭቆ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ከንፈር ላይ ሲያስጠጉት ይቀዘቅዛል፣ ለማመሳከር አጠገቡ ሚኒራል ሰዓት መያዝ ነው። በጣም የሚታመነው የወርቅና የጌጣጌጥ ሱቆች አልማዝ የሚለዩበት ትንሽ መሣሪያ ነው። እሱም የሚለካው ሙቀት ማስተላለፍን ስለሆነ ሳፋየር ላይ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ብርጭቆ ላይ ዝም ይላል። ውድ ሰዓት የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ይዛችሁ እዚያ ጎራ ማለት ነውር የለውም።

የብርሃን ነገርም አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሳፋየር ከብርጭቆ የበለጠ ያንጸባርቃል፤ ብርጭቆ ከአንድ ገጹ ላይ ካረፈበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ሲመልስ፣ ሳፋየር ወደ 8 በመቶ ይመልሳል። ፀሐይ ላይ ሰዓት ማየት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ደህና አምራቾች ነጸብራቁን የሚቀንስ ሽፋን ይቀቡበታል፣ አዘንበል አድርጋችሁ ስታዩት ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ቀለም ይታያል። ይህ ሽፋን በውጭ በኩል ከተቀባ እሱ ይጫራል። ሰዎች «ሳፋየሬ ተጫረ» ብለው ይመጡና ስናየው የተጫረው ሽፋኑ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ግራጫ መስመር ይታይበታል፣ እሱም ጭረት አይደለም፤ የበር እጀታው ወይም የመኪናው ብረት ነው ተፍቆ ሳፋየሩ ላይ የቀረው። በላጲስ ቀስ ብለው ቢያሹት ብዙውን ጊዜ ይለቃል። ለዚህ ብላችሁ መስታወት አታስቀይሩ፤ አስቀይሩ የሚላችሁን ባለሙያም ጠርጥሩት።

መስታወቱ ከተሰበረስ? ሰዓቱን ወዲያው አቁሙት። ጎኑ ላይ ያለችውን መሙያ ወደ ውጭ ሳብ አድርጓት፣ አብዛኛው ሰዓት ይቆማል። አትሙሉት፣ አታራግፉት፣ በአፋችሁም እፍ አትበሉበት። ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጡት። የሳፋየር ብናኝ ከብረት ስለሚጠነክር ጥርሶቹ መሃል ከገባ እየፈጨ ይጨርሳቸዋል፤ የመስታወት ወጪ የነበረው የሞተር ወጪ ይሆናል። ሲቀየርም ባለሙያው ዙሪያውን በካሊፐር ለክቶ በልኩ ማምጣት አለበት፣ የአንድ ሚሊ አስረኛ ልዩነት እንኳ ያሰናክላል። ልኩ ያልሆነውን በሱፐር ግሉ የሚያጣብቁ አሉ። ይህን እንዳትፈቅዱ። የሱፐር ግሉ ትነት ከውስጥ በኩል መስታወቱን ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል፣ የጎማ ቀለበቱ ያልተቀየረ ሰዓት ደግሞ ውሃ ያስገባል። ከተቀየረ በኋላ በግፊት ካልተፈተነ «ውሃ ይችላል» የሚለውን ጽሑፍ እርሱት፣ ይዛችሁትም አትዋኙ።

ማን የቱን ይግዛ ብትሉኝ፣ ቢሮ ለሚውል፣ ሰዓቱ ለዓመታት እንደ አዲስ ጥርት ብሎ እንዲታይ ለሚፈልግ፣ አቅሙም ላለው፣ ሳፋየር ጥሩ ነው። ግንባታ ላይ ለሚሠራ፣ ለመካኒክ፣ ለሹፌር፣ ለልጅ፣ እኔ ያለ ማመንታት ሚኒራል እላለሁ። ይጫራል፣ አዎ። ግን ሲሰበር የሚቀየርበት ዋጋ ከሳፋየሩ ጋር አይወዳደርም፣ ልኩም በቀላሉ ይገኛል። ከዱባይ ወይም ከሪያድ ለዘመድ ሰዓት የምትልኩ እህቶችና ወንድሞችም ይህን አስቡበት፦ ተቀባዩ ምን እንደሚሠራ አይታችሁ ምረጡ። በላብ የመጣ ገንዘብ ስም ላይ ብቻ መዋል የለበትም።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው። የሰዓት ማስታወቂያ ስትቀበሉ ሻጩ መስታወቱ ሙሉ ሳፋየር ይሁን ሽፋን ብቻ፣ ውፍረቱም ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ እንዲጽፍ ጠይቁት፤ «የማይሰበር» የሚለውንም ቃል ሰርዙት። ሁለት መስመር ነው የሚጨምረው። እስከዚያው አንባቢዎቻችሁ በራሳቸው ይህን ያድርጉ፦ ብር ከመክፈላቸው በፊት ሻጩን «ደረሰኙ ላይ ሙሉ ሳፋየር ብለህ ጻፍልኝ» ይበሉት። የሚያምንበት ይጽፋል።

ከአክብሮት ጋር
ሰዓት ጠጋኙ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ